«አንድም ፊደል አልቀየርኩም» ላለችው ተማሪሽ

ጥያቄ፦

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ የማታ ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች «ኢንትሮዳክሽን ቱ ማኔጅመንት» እየሰጠሁ ነው፤ 46 ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ኮርስ አውትላይኑን ክፍል ውስጥ አንብቤላቸዋለሁ። ፒዲኤፉንም ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጥፌዋለሁ። ፕሌጀሪዝም (የሰውን ጽሑፍ የራስ አስመስሎ ማቅረብ) ዜሮ እንደሚያሰጥም እዚያው ላይ በግልጽ ተጽፏል።

ሆኖም 20 ከመቶ የሚይዘውን አሳይመንት ሳርም 11 ወረቀቶች የተገለበጡ ሆነው አገኘኋቸው። ዘጠኙ ከመጽሐፍና ከኢንተርኔት ቃል በቃል የተወሰዱ ናቸው። ሁለቱ ደግሞ ስማቸው ብቻ የተለያየ አንድ ዓይነት ወረቀት ነው። ለሁሉም ዜሮ ሰጠሁ። በማግስቱ ክፍሉ በሙሉ አኮረፈ፤ 23 ተማሪዎች ፈርመው «አልተነገረንም» ሲሉ ለዲኑ አመለከቱ። ዲኑ ጠርተው ያሉኝ «አስፈርመሻቸው ነበር?» ብቻ ነው። ባልደረቦቼም «ለሚቀጥለው ሴሚስተር አስፈርሚያቸውና ተገላገይ» ይሉኛል።

ከሁሉም የከበደኝ ግን አንዲት ተማሪ ናት። ቀን መርካቶ ሱቅ ውላ ነው የምትመጣው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ «መምህርት፣ እኔ እኮ ከመጽሐፉ አንድም ፊደል አልቀየርኩም፤ ታዲያ ለምን ዜሮ?» አለችኝ። የምመልስላት ቃል አጣሁ። እኔ ተናግሬያለሁ፤ እነሱ አልሰሙም። ጥፋቱ የማን ነው? ዜሮውን ልሰርዝ ወይስ ልጽና? አውትላይኑን፣ የአሳይመንቱን ጥያቄ፣ የመጀመሪያውን ቀን አቴንዳንስና የ11ዱን ስም ዝርዝር አያይዤ ልኬልዎታለሁ።

መምህርት ነኝ፣ ከፒያሳ

መልስ፦

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ወረቀቶቹን አያይዘሽ መላክሽ ትልቅ ነገር ነው፤ እነሱን ባላይ ኖሮ ምናልባት እኔም «ጽኚ» ብዬሽ አልፍ ነበር።

ከዚያች ልጅ ልጀምር። «አንድም ፊደል አልቀየርኩም» ስትልሽ ዋሽታ ወይም አጭበርብራ አይደለም። የኮራችበትን ነገር ነው የነገረችሽ። እስቲ የመጣችበትን መንገድ አስቢው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ኖት ይጽፋል፤ እሷ ደብተሯ ላይ ትገለብጣለች። መምህሩ እየዞረ ያያል፣ ራይት አድርጎ ይፈርማል። አንድ መስመር ከጎደለ «አሟይ» ትባላለች። ፈተና ላይ «ትርጉሙን ጻፉ» ሲባል እንደ ኖቱ የጻፈች ሙሉ ታገኛለች፤ በራሷ አባባል የጻፈች ግማሽ ይሰጣታል፣ አንዳንዴም ኤክስ። 12ኛ ክፍል ስትደርስ ደግሞ የማለፊያው ፈተና ከዳር እስከ ዳር ምርጫ ነው፤ ክብ ማጥቆር ነው። 12 ዓመት ሙሉ ሳይዛነፍ መገልበጥ ትጋትና ታማኝነት ሆኖ ሲቆጠርላት ኖሮ፣ ፒያሳ ያለው ክፍልሽ ውስጥ በአንድ ማታ ወንጀል ሆነ።

ነገሩ ከዘመናዊው ትምህርት ቤትም ይቀድማል። የኔታ ፊት ዳዊት የሚያነብ ልጅ በግእዝ ንባብ የድምፅ አጣጣል ተነሹን ወዳቂ፣ ወዳቂውን ተነሽ ቢያደርግ ወዲያው ይመለሳል። ቁርኣን በቃሉ የሚይዘውም ልጅ እንዲሁ ነው፤ አንዲት አናባቢ ብትሳሳት ኡስታዙ ያስቆመዋል። ብራና ላይ የሚጽፈው ቁም ጸሐፊ ክብሩ ከፊቱ ካለው መጽሐፍ አንዲት ፊደል አለማጉደሉ ነው። ተማሪሽ የቆመችው እዚህ ሁሉ ክብር ላይ ነው።

ግን እዚያው አገራችን ውስጥ ሌላም ቤት አለ። ንባቡን የጨረሰ ተማሪ ቅኔ ቤት ሲገባ ሕጉ ይገለበጣል። ትናንት ሌላ ሰው ያለውን ቅኔ ዛሬ ቢደግም ነውር ነው። ከራሱ ቆጥሮ፣ ለመምህሩ ነግሮ፣ ተቃንቶለት ነው የሚያድገው። አየሽ፣ አንዱ ቤት «አትቀይር» ይላል፤ ሌላው «አትድገም» ይላል። ተማሪው ግን አይምታታበትም። ለምን? ቤት መቀየሩን ያውቃላ! አገር አቋርጦ ሌላ መምህር ዘንድ ሄዷል። እንደገባም «ተቀኝ» ተብሎ አይተውም፤ መምህሩ የሚነግሩትን ብዙ ቀን ይሰማል፣ ከዚያ ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ እሷን ሲያደላድል ሦስት ቤት ወዳላት ዘአምላኪየ ይሻገራል። ምን እንደሚጠበቅበት የሚያውቀው ሲደረግ አይቶ፣ በትንሹ ሞክሮ፣ ታርሞ ነው።

ያንቺ ተማሪዎች ከንባብ ቤት ወደ ቅኔ ቤት ተሻግረዋል፤ መሻገራቸውን ግን የነገራቸው የለም።

«እኔ ነግሬያቸዋለሁ» እንደምትይ አውቃለሁ። ስለዚህ ወረቀቶችሽን እንይ።

አውትላይኑ 4 ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የኮሌጁ ዓርማ፣ የኮርሱ ቁጥር፣ የኮርሱ መግለጫ አለ። ሁለተኛውና ሦስተኛው የምዕራፍ ዝርዝር ነው። አራተኛው ገጽ ላይ ኩዊዝ 10፣ አሳይመንት 20፣ ሚድ 20፣ ፋይናል 50 የሚል ሰንጠረዥ አለ፤ ከሥሩ ማጣቀሻ መጻሕፍት፤ ከእነሱ ሥር፣ ከታች ሁለተኛው መስመር ላይ፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አለች። «ፕሌጀሪዝም ዜሮ ያስከትላል» ከሚለው በላይም በታችም ፕሌጀሪዝም ምን እንደሆነ የሚያስረዳ አንድም ቃል የለም። እኔ ራሴ በመነጽር ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ነገ ክፍል ገብተሽ ለእያንዳንዳቸው ቁራጭ ወረቀት ስጪና ስም ሳይጽፉ የቃሉን ትርጉም በአማርኛ እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። ቃሉን ያወቁት ስንት እንደሆኑ ስታዪ ክርክሩ ራሱ ያበቃል። የማያውቁትን ቃል አልታዘዛችሁም ብሎ መቅጣት ደግሞ እንዴት ይሆናል?

አሁን አቴንዳንሱ። የመጀመሪያው ቀን የፈረሙት 19 ናቸው። ዛሬ ደግሞ ክፍሉ 46 ነው። ቀሪዎቹ 27 የት ነበሩ? የማታ ፕሮግራም እንዴት እንደሚሞላ ታውቂዋለሽ፤ ደመወዝ እስኪወጣ የሚጠብቅ አለ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ድጋፍ እስኪጻፍለት የሚዘገይ አለ፣ ሬጅስትራር በር ላይ ተሰልፎ ሦስተኛው ሳምንት የሚገባ አለ። ከመጡትም ውስጥ 11:30 ሲሆን ወንበሩ ላይ የሚገኘው ስንቱ ነው? በዚያ ሰዓት ከመርካቶና ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ የሚመጣ ሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። በዚያ ላይ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ስንቱ ተማሪ መኖሪያው ዳር አገር ሆኗል። አስፈላጊውን ነገር ሁሉ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ከተናገርሽ የተናገርሽው ለጥቂት ሰው ነው። እስቲ የ11ዱን ስም ከዚያ አቴንዳንስ ጋር አስተያዪው። እኔ አይቻለሁ፤ ከ11ዱ የፈረሙት 3 ብቻ ናቸው። ያቺ ልጅም የለችበትም።

ቴሌግራሙን በአጭሩ ልለፈው። መስከረም ላይ የተለጠፈ ፒዲኤፍ ኅዳር ላይ በእንኳን አደረሳችሁና በድምፅ መልእክት ተቀብሯል። ከላይ ፒን አድርጊው፤ አዲስ ተማሪ ግሩፑ ውስጥ በገባ ቁጥር ደግሞ በስሙ ላኪለት።

ከሁሉም በላይ ማየት ያለብሽ የአሳይመንቱን ጥያቄ ነው። «ዲስከስ ዘ ፈንክሽንስ ኦፍ ማኔጅመንት» ይላል፤ ሌላ ምንም የለም። ልጄ፣ የዚህ ጥያቄ መልስ እኮ መጽሐፉ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ በርዕስ ተጽፎ ተቀምጧል። ማቀድ፣ ማደራጀት፣ መምራት፣ መቆጣጠር። አንድ ተማሪ ከጸሐፊው የተሻለ ምን አድርጎ ይጽፈዋል? ጥያቄው ራሱ «ሂድና ገልብጥ» ይላል፤ ገልብጠው ሲመጡ ደግሞ ዜሮ ጠበቃቸው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያሉ መምህራን ቢያንስ ኤችዲፒ በሚባለው ሥልጠና ላይ ጥያቄ ማውጣትንና ምዘናን ያያሉ። አንቺ ግን ዲግሪሽን ይዘሽ በመጣሽ በሳምንቱ ቾክ ነው የተሰጠሽ። ላንቺም ምን እንደሚጠበቅብሽ የነገረሽ ሰው አልነበረም።

እኔም በዚህ አልፌያለሁ። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ፈተና ላይ «በአጭሩ መልሱ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ለ10 ነጥቡ ጥያቄ አንድ መስመር ተኩል ጽፎ 2 ሰጠሁት። ቢሮዬ መጥቶ «በአጭሩ ያሉት እርስዎ ነዎት» አለኝ። በእኔ ሐሳብ «በአጭሩ» ማለት ግማሽ ገጽ ነበር፤ ያ ግን ያለው ጭንቅላቴ ውስጥ ብቻ ነው። ነጥቡን አላስተካከልኩለትም፤ ወጣት ነበርኩ፣ መሸነፍ መሰለኝ። ልጁ ኮርሱን ለመድገም ሌላ ሴሚስተር ቆየ፤ የሚመረቀው ከጓደኞቹ ጋር ነበር። ቤተሰቡ ለምርቃቱ ከክፍለ ሀገር ሊመጣ ተዘጋጅቶ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ «በአጭሩ» ብዬ አላውቅም። «ከ5 እስከ 8 ዓረፍተ ነገር፤ አንድ ምክንያትና አንድ ምሳሌ ይኑረው» ብዬ እጽፋለሁ። የሚፈጀው አንድ ተጨማሪ መስመር ነው።

ስለዚህ ማስፈረሙን ተዪው። ዲኑ የጠየቁሽ ለመዝገብ ነው፤ እሳቸው ከሚቀመጡበት ወንበር ሲታይ ልክ ናቸው። ፊርማ ግን የሚጠብቀው አንቺን ነው፤ ተማሪዋን አያስተምራትም። ያልገባትን ነገር ስትፈርም ያልገባት ነገር ከነፊርማው ነው የሚሆነው። ዲኑ ግድ ካሉ አስፈርሚ፤ ግን ሥራሽን እንደጨረስሽ አትቁጠሪው።

የሚያስተምራቸው ማሳየት ነው። ጥያቄውን በመጀመሪያ እንዲህ ቀይሪው፦ «ከምታውቁት አንድ የሥራ ቦታ፣ ሱቅም ይሁን መሥሪያ ቤት ወይም የቤተሰብ ሥራ፣ ከአራቱ የማኔጅመንት ተግባራት ሁለቱ እንዴት እንደሚፈጸሙ በሁለት ገጽ አስረዱ።» ከዚያ ሁለት አጫጭር አንቀጾች አዘጋጅተሽ አባዢና ለሁሉም አድዪ። እኔ እንዲህ አድርጌ ሞክሬዋለሁ፦

አንደኛው፦ «ዕቅድ ማለት የድርጅቱን ግብ ወስኖ ግቡ ላይ የሚደረስበትን መንገድ አስቀድሞ መምረጥ ነው። ዕቅድ የማኔጅመንት የመጀመሪያው ተግባር ሲሆን ሌሎቹ ተግባራት ሁሉ በእሱ ላይ ይመሠረታሉ።»

ሁለተኛው፦ «እናቴ እንጀራ ጋግራ ለሦስት ሱቆች ታስረክባለች። ሊጡ ሦስት ቀን ስለሚፈልግ የሐሙሱን እንጀራ የምታቦካው ሰኞ ነው። ስለዚህ እሑድ ማታ ሱቆቹ ጋ ደውላ ስንት እንደሚፈልጉ ትጠይቃለች። መጽሐፉ ዕቅድ የሚለው ይህን ይመስለኛል። ባለፈው በዓል ሳትደውል ቀርታ 30 እንጀራ ተርፏታል።»

ምንም ሳትናገሪ «ከ10 ስንት ትሰጣላችሁ?» ብለሽ እነሱ ያርሙት። ከፊሉ ለመጀመሪያው 9፣ ለሁለተኛው 3 ይሰጣል፤ ይህን አስቀድሜ እነግርሻለሁ። «ሁለተኛው ወሬ ነው፣ ትምህርት አይደለም» የሚልም አይጠፋም። እንዲከራከሩ ተያቸው። ከዚያ አንቺ ለመጀመሪያው 3፣ ለሁለተኛው 8 እንደምትሰጪ ንገሪያቸውና ምክንያቱን ሰሌዳው ላይ ጻፊ። የመጀመሪያው ልክ ነው፤ ግን ጸሐፊው ማኔጅመንት እንደገባው እንጂ ተማሪው እንደገባው አያሳይም። ሁለተኛው ቃሉን ከኑሮ ጋር አገናኝቶታል፣ ዕቅድ ሲጎድል ምን እንደሚከተልም አሳይቷል። ሁለት ነጥብ ያጎደለበት የመጽሐፉን ትርጉም ጠቅሶ ከየት እንዳመጣው ስላልጻፈ ነው። እዚህ ላይ ስትደርሺ የሰውን ቃል እንዴት እንደሚወስዱ አሳዪያቸው፤ በትእምርተ ጥቅስ ማስገባት፣ የመጽሐፉን ስምና ገጹን መጻፍ፣ ከዚያ የራስን ሐሳብ መቀጠል። አንዱን አንቀጽ አብራችሁ ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ይህ ሁሉ ቢበዛ 40 ደቂቃ ነው። ከአራት ገጽ አውትላይን ይልቅ ይህን 40 ደቂቃ አይረሱትም።

ቻትጂፒቲንም አትዝለዪው። ስልኩ ላይ የሌለበት ተማሪ ጥቂት ነው። «ለሐሳብ ማመንጫ ይፈቀዳል፣ የጻፈላችሁን ማስረከብ አይፈቀድም» ትያለሽ ወይስ ጨርሶ ትከለክያለሽ፣ ውሳኔው ያንቺ ነው፤ ግን ወስነሽ ተናገሪ። ዝም ካልሽ እያንዳንዱ የራሱን ሕግ ያወጣል።

አውትላይኑ ላይ የሌለ ሌላም ነገር አለ። ኮርሱ 5 ኢሲቲኤስ ነው ይላል፤ 5 ማለት ለተማሪው ምን ማለት እንደሆነ ግን አይልም። አንድ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚገመት የተማሪ ሥራ ነው፤ ክፍል መቀመጡ፣ ማንበቡ፣ አሳይመንቱ፣ ለፈተና መዘጋጀቱ ተደምሮ። አምስቱ ቢያንስ 125 ሰዓት ይሆናል። አንቺ በሳምንት 3 ሰዓት ለ16 ሳምንት ብታስተምሪ 48 ሰዓት ነው። የቀረው 77 ሰዓት ከክፍል ውጪ ያለ ሥራ ነው፤ በሳምንት ወደ 5 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ቀን ሱቅ ውላ፣ ማታ ተምራ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ቤት ለምትገባ ልጅ ይህን በመጀመሪያው ሳምንት መንገር ግዴታ ነው። የማታ ተማሪ ብዙ ጊዜ «ክፍል ከገባሁ በቂ ነው» ብሎ ነው የሚመዘገበው። 5 ሰዓቱን ከየት እንደምታመጣው፣ እሑድ ከሰዓት ይሁን አራት ኪሎ አብርሆት ገብታ ቅዳሜ ጠዋት፣ እሷ ታስብበት። ሳታውቀው ግን ልታስብበት አትችልም። ይህ ነገር ብዙ መምህራን የማያነሱት ነው፤ እኔን ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

አንዳንድ ባልደረቦችሽ «ሁሉን ካስረዳናቸው ምን ቀረ፣ ልናስለምዳቸው ነው» ይሉሽ ይሆናል። አትስሚያቸው። ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 የመውጫ ፈተና ሲያስጀምር እንኳ በየትምህርት ዘርፉ የትኞቹ ኮርሶች እንደሚካተቱ የሚያሳይ ብሉፕሪንት ወጥቷል። ፈተናው በዚህ አልቀለለም፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ሆኖ ስንቱ ወድቆበታል። የሚጠየቀውን ማሳወቅና መልሱን መስጠት ለየብቻ ናቸው።

ስለ ቋንቋውም አንድ ነገር ልበል። አውትላይኑ በእንግሊዝኛ መሆኑ ግድ ነው፤ የኮሌጁ ሕግ ነው። አራተኛውን ገጽ ግን በአማርኛ አንድ ገጽ አድርገሽ ጻፊው። ነጥቡ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ አሳይመንት ቀኑ ካለፈ ስንት እንደሚቀነስ፣ ሚድ የቀረበት ሰው ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት፣ ከሰው ጽሑፍ መውሰድ እንዴት እንደሚፈቀድ፣ አንቺን መቼና የት ማግኘት እንደሚቻል። አውትላይንሽ ስለ ዘገየ አሳይመንት አንድ ቃል የለውም፤ ይህም በሚቀጥለው ወር ሌላ ጠብ ያመጣብሻል። ክፍልሽ ውስጥ አፉን በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የፈታ ተማሪ ካለ፣ ገጹን አንብቦ የተረዳውን በራሱ አፍ እንዲነግርሽ አድርጊ። «ገባችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ። «ገባችሁ?» ሲባል ሁሉም «አዎ» ይላል፤ እኛ አገር መምህርን «አልገባኝም» ማለት ድፍረት ነው። «አሳይመንቱን አንድ ቀን አሳልፈሽ ብታመጪ ስንት ይቀነስብሻል?» ብለሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ 11ዱ ወረቀቶች። ሁሉንም በአንድ ዓይን አትዪአቸው። ስም ቀይረው አንድ ወረቀት ያስረከቡት ሁለቱ ያደረጉት ሌላ ነው። ከጓደኛ መኮረጅ ልክ እንዳልሆነ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተነግሯቸዋል፤ አውትላይን አያስፈልገውም። ለብቻ ጥሪያቸው፣ የጻፈው የትኛው እንደሆነ ጠይቂ፣ ዜሮው ይጽና። ለሌሎቹ ዘጠኙ ግን ዜሮውን አንሺላቸው። ያልተነገራቸውን ሕግ ነው የጣሱት፤ በልቤ ጥፋት አላገኘሁባቸውም። ነጥብ ግን በነፃ አትስጪያቸው፤ ያ ደግሞ በራሳቸው የጻፉትን 35 ተማሪዎች መበደል ነው። በአዲሱ ጥያቄ እንደገና ይጻፉ፣ ሲያስረክቡም ለ5 ደቂቃ ቀርበው የጻፉትን በቃል ያስረዱሽ። ሥራው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ስለዚህ ጣሪያ አድርገሽ ነጥብ አትቀንሺባቸው። ከ35ቱም ውስጥ በአዲሱ ጥያቄ መጻፍ የሚፈልግ ካለ በሩን ክፈቺለት።

ይህን ለክፍሉ ከመናገርሽ በፊት በአንድ ገጽ ጽፈሽ ለዲፓርትመንት ኃላፊሽና ለዲኑ አስገቢ። ነጥብ የሚነካ ነገር በቃል ብቻ አይለወጥ። ዲኑ ዘንድ ስትገቢ መከላከያ ይዘሽ አትግቢ፤ አቴንዳንሱን፣ አራተኛውን ገጽና አዲሱን ጥያቄ አስቀምጪላቸውና «ጉድለቱ እዚህ ጋ ነበር፤ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ» በያቸው። ሁለተኛ ዓመቷ ላይ ያለች መምህርት ይህን ስታደርግ የሚያኮራ እንጂ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ለተማሪዎቹም እንዲሁ በግልጽ ንገሪያቸው። «አልተነገረንም» ብለው የፈረሙትን 23ቱን አትያዥባቸው፤ ከነገርኩሽ እንዳየሽው፣ አብዛኞቹ እውነታቸውን ነው።

ሐሙስ ክፍል ስትገቢ ሁለቱን አንቀጾች ከ12 ሰዓት በፊት አታድዪ፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያሉት ይድረሱ። እስከዚያ ያለፈውን ምዕራፍ ከልሺ።

ያቺን ልጅ ግን እስከ ሐሙስ አታቆያት። ነገ ከክፍል በኋላ አስቀሪያትና ወረቀቷን መልሺላት፤ ፊደል ሳትቀይር መጻፏ ትጋት እንደሆነ ማወቅሽን ንገሪያት፤ አሁን የምትፈልጊው ግን የእሷን እንደሆነ አስረጃት። ከዚያ ስለ መርካቶው ሱቅ ጠይቂያት። ለበዓል የሚሸጠውን ዕቃ የሚያዝዙት መቼ ነው? ስንት እንደሚያዝዙ የሚወስነው ማነው? ያልተሸጠው ምን ይሆናል? የምትመልስልሽን አታቋርጫት። ስትጨርስ ባዶ ወረቀት ስጫትና አሁን የነገረችሽን እዚያው በራሷ እጅ ትጻፈው።